ችካል የማይተከልበት መንገድ

ከጉዞ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ወደ ጉራጌ አገር ሄደው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይሄዱ ሰዎች ነው፤ በተለይ ለእናቴ። ጎጃም ያለችው እናቴ «ሰዉ እንዴት ነው? ምን አበሉሽ? ማን ቤት አደርሽ?» ብላ ደብዳቤ አስጽፋ ጠይቃኛለች። እሷ ማንበብ ስለማትችል ታናሽ እህቴ ታነብላታለች። እህቴ፣ የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ስትደርሺ እንኳ ሳታስቀሪ አንብቢላት።

የሄድኩት ለትምህርት ነው። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴም ጀፎረ ስለሚባለው ነገር ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይደረደራሉ። ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶም ሰርግም ይውልበታል፣ ሽማግሌ ለእርቅ ይቀመጥበታል። ማንም ግን አያርሰውም። ይህ ሁሉ እግርና ኮቴ የሚረግጠው የጋራ መሬት እንዴት ሣሩ ሳይጠፋ፣ አፈሩ ሳይሸረሸር ኖረ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ለመመለስ ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላም እዚያው ነጥብ ላይ ተመልሼ ሣሩን አጭጄ መመዘን ነበረብኝ። አማካሪዬ ስሰናበታቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ቋሚ ምልክት ትከዪ። ነጥቡ በአንድ እርምጃ ከሳተ ያመጣሽውን አልቀበልም» አሉኝ።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው አናጺ አሥራ ሁለት ችካል አስጠረብኩ። አናታቸውን ራሴ ቀይ ቀለም ቀባሁት።

ሰኞ ጠዋት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ችካሎቹ በጆንያ ነበሩ። ረዳቱ ጆንያውን ወደ ጣሪያ ሲያነሳ የአንዱ ጫፍ ወጋው።

«እህት፣ ይሄ ምንድን ነው? ድንኳን ልትተክዪ ነው? ሰርግ ነው ለቅሶ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋብኛል። «ትምህርት ነው» አልኩ።

«ኧረ! ዘንድሮ በችካል ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?» አለ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እስከ ሰበታ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ቱሉ ቦሎ አካባቢ ሜዳው የእኛን አገር መሰለኝ፤ ጥቁር አፈር፣ ታርሶ ዝናብ የሚጠብቅ። ከወሊሶ በኋላ ግን አገሩ መልኩን ለወጠ። እንሰት በመጽሐፍ አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ፤ ከየቤቱ ጀርባ እንደ ጫካ ቆሞ፣ ቅጠሉ ከቤቱ ክዳን በልጦ ሳየው ግን ያጠናሁት ነገር ሁሉ ያነሰ መሰለኝ። በእኛ አገር ቤት ከሩቅ ራቁቱን ይታያል። እዚህ ቤት በምግቡ ተከቦ ይቀመጣል።

ወልቂጤ ከገመትኩት በላይ ሞቃት ነበረች። ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ብቻዬን መሆኔን አይታ ከራሷ ክፍል አጠገብ ያለውን ሰጠችኝ፤ የበሩ መቀርቀሪያ እንደማይሠራ ስታይ ደግሞ የራሷን በር መቀርቀሪያ ነቅላ አምጥታ ገጠመችልኝ። «እኔን ማን ይሰርቀኛል፣ አሮጊት ነኝ» አለች። አርባ ዓመት አይሞላትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከቢሮ ቢሮ ስዞር ረፈደ። ከዩኒቨርሲቲ የያዝኩት ደብዳቤ ላይ የዞኑ ማህተም ተመታ፤ ከሰዓት በኋላ እምድብር ስደርስ የወረዳው ተጨመረ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሦስት ማህተም! ደብዳቤውን አጣጥፌ በቦርሳዬ ሳስገባ ልቤ ደስ አለው፤ ከእንግዲህ ከማንም ጋር ብዙ መነጋገር የለብኝም፣ ወረቀቱ ይናገርልኛል ብዬ ነበር። ለዓይን አፋር ሰው ማህተም ትልቅ ነገር ነው።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ፍቅሬ የሚባል ቀልጣፋ ወጣት ነው። ጆንያውን እየተቀባበልን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ማረፊያ ወዳዘጋጀልኝ ወደ ወይዘሮ ባዩሽ ቤት ወሰደኝ። እትዬ ባዩሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ድምፃቸው ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሴት ናቸው። መንደሩ «አዶት» ይላቸዋል፤ በጉራግኛ እናት ማለት ነው። ያገባችው ልጃቸው ደስታ ከጀፎረው ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው ትኖራለች።

እናቴ፣ ስለ ምግቡ ጠይቀሽኝ ነበር። ቆጮና ጎመን፣ ከላዩ አይብ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ቂጣ ነው። እኔ እንደ እንጀራ በሁለት ጣቴ ልቆርስ ስታገል ደስታ ሳቋን ዋጠችው። አንቺ ብትሆኚ እንግዳ ካልበላ ታጎርሺዋለሽ፣ ትለምኚዋለሽ። እትዬ ባዩሽ ግን አቅርበውልኝ ጀርባቸውን ሰጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። «የምታፍር እንግዳ ሲያዩዋት አትበላም» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። ጠግቤ በላሁ።

ፍቅሬ ሲሄድ፣ «ነገ ከተማ ስልጠና አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት ከአባባ አረጋ ጋር አስተዋውቅሻለሁ፣ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያ እረፊ» አለኝ።

እረፊ የሚለውን ቃል መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነው፦ አስተዋውቅሻለሁ። ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ስናገር ታየኝ። ደብዳቤው እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ማንም ሳይነሳ ችካሎቼን ተክዬ ብጨርስ ሐሙስ ሰላምታ ብቻ ይቀራል አልኩ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጀፎረው ላይ ቆምኩ። ጤዛ የያዘ አጭር ሣር፣ ከአጥር እስከ አጥር ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። ሃምሳ ሜትር የሚለካው ሜትሬ ወርዱን አልሸፈነውም። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። በእኛ መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ አባቴ ልጅ ሳለ ሁለት ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ያሳልፍ ነበር። ከግራ አንዱ በየዓመቱ አንድ ፈር ገፋበት፣ ከቀኝ ሌላው አንድ ፈር። ዛሬ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በእሱ ሲያልፉ አንደኛው ወገን ማሳ ውስጥ ይረግጣል። አባቴ በዚህ ምክንያት ከሁለት ጎረቤት ጋር ተጣልቶ ኖሯል።

አምስተኛውን ችካል እየመታሁ ሳለ የመዶሻው ድምፅ ሰው ቀሰቀሰ። ሣር የተሸከመች ሴት ከፊቴ ቆመች፤ ሸክሟን ለቀቀችው።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ደብዳቤዬን ልስጣት ቦርሳዬን ስበረብር አልጠበቀችኝም። ወደ ቤቶቹ ዞራ በጉራግኛ ጮኸች። በሩ ሁሉ ወደ ጀፎረው ስለሆነ ሁለተኛ መጣራት አላስፈለጋትም። በአንድ አፍታ ከግራም ከቀኝም ሰው ወጣ። «ሊሸነሽኑት ነው!» አለ አንዱ፣ እንድሰማው በአማርኛ። «ለማን ነው የተመራው? ስሙን ይንገሩን!» አለ ሌላው። ቀይ አናት ያለው ችካል ለእነሱ መሬት ሲከፋፈል የሚመጣ ነገር ነው። ለእኛም እንደዚያው ነበር፤ ይህን ከማንም ይልቅ የጎጃም ገበሬ ልጅ ማወቅ ነበረባት።

አባባ አረጋ በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። መጀመሪያ ያዩት ችካሉን ነው፣ ከዚያ እኔን።

«ማን ላከሽ የኔ ልጅ?»

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ለአንድ አስተማሪ ሰጥተው ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረጉ፤ እስኪጨርስ ማንም አላቋረጠም።

«ደብዳቤው መልካም ነው» አሉ። «ሦስት ማህተም አለው። ወረዳው ፈቅዷል። ግን እዚህ ወረዳው አይኖርም።»

«ማንን መጠየቅ ነበረብኝ አባባ?» አልኩ፤ ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

«ይህን ጥያቄ ትናንት ብታመጪው ኖሮ ችካሉን እኔ እሸከምልሽ ነበር።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ጀፎረ ላይ ማረስ፣ ማጠር፣ ምልክት መትከል በቂጫችን የለም። ነገ እንቀመጣለን። እስከዚያ ችካሉን ማንም እንዳይነካ፤ እሷም ጭምር። ሰው ሁሉ አይቶት ይደር።»

ቂጫ አባቶቻቸው ያወረሷቸው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ጀፎረ የገፋ ሰው በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ይዳኛል።

ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም። ጥናቴ እንዳበቃለት ተሰማኝ። ሌላ መንደር ብሄድ ወሬው ይቀድመኛል፤ ክረምቱ ከገባ ደግሞ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። በበሩ ስንጥቅ አምስቱን ቀይ ነጥቦች እያየሁ፣ «እትዬ፣ ሌላ ቤት ልሂድ። በእኔ ምክንያት ከሰው እንዳይጣሉ» አልኳቸው።

እትዬ ባዩሽ ቆጮውን አቀረቡ። «የበደልሽው ጀፎረውን ነው። የእኔ ቤት አልከሰሰሽም። ብይ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። ፍቅሬ ከስልጠናው ተመልሶ ነበር። «እረፊ አላልኩሽም?» አለኝ በሹክሹክታ፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ እኔ ሊናገር ጀመረ።

አባባ አረጋ በትራቸውን አነሱ። «ችካሉን አንተ ነህ የተከልከው?»

«አይ፣ እኔ እንኳ...»

«እንግዲያው ቁጭ በል። ትናገር።»

ተነሳሁ። ለክፍል አቀራረብ የማጠናቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አልመጣልኝም።

«ድምፅሽን አውጪ! እዚህ ያለነው ደንቆሮ ሆነናል!» አሉ እትዬ ባዩሽ ከሴቶቹ በኩል። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩና ድምፄ መጣ።

ስለ ጥናቱ አልጀመርኩም። ስለ አባቴ መንገድ ነገርኳቸው፤ ስለ ጥማዱ፣ ስለ ፈሩ፣ ስለ ቃሬዛው።

«አባትሽ ሽማግሌ አልጠራም?» አሉ አባባ አረጋ።

«ጠርቶ ነበር፣ አባባ።»

«እና?»

«ሽማግሌዎቹም የገፉት ናቸው።»

ሳቁ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነስቶ እስከ ሴቶቹ ደረሰ። አባባ አረጋ እንባቸውን ጠረጉ። «ምስኪን አባትሽ!» አሉ።

«እኔ የመጣሁት» አልኩ፣ «እናንተ እንዴት እንዳዳናችሁት ተምሬ ለመጻፍ ነው። ሳልጠይቅ መትከሌ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ተመካከሩ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ የተከልኩትን በእጄ ልንቀል፣ ጉድጓዱን በአፈር ልሙላ፣ ከዳር ሣር ከነሥሩ አምጥቼ ልክደንበት። ሁሉም እያየኝ ተንበርክኬ አምስቱንም ነቀልኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ያቺ ሣር የተሸከመችው ሴት መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ አፈሩን በመዳፏ አብራኝ ጠቀጠቀች።

«አለቀ» አሉ አባባ አረጋ። ሰው ሊበተን ተነሳ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

«ሌላ ምን አለሽ?»

«መለካት እፈልጋለሁ» አልኩ። «ከክረምት በኋላም ተመልሼ እዚያው ነጥብ ላይ መቆም አለብኝ። ያለ ምልክት ግን ነጥቡ ይጠፋብኛል። ከጠፋብኝ አስተማሪዬ አይቀበሉኝም።»

አንዱ ድንጋይ ይቀመጥ አለ። ሌላው ከብት ይሰብራል፣ ሌሊት ሰው ይጥላል አለ። ያን ጊዜ እትዬ ባዩሽ ወደ ፊት መጡ።

«ይህ ችካል የምትሉት ሥራው ምንድን ነው? መቆም አይደል? እኔ እቆማለሁ። ከክረምት በኋላም ስትመጣ እዚያው እቆማለሁ።»

«ባዩሽ ዝም ብላ ከቆመች እኔ ከብት ሆኜ ሣሩን ልጋጥ!» አለ አንድ ጎረቤት። ከሳቁ መሃል ግን አባባ አረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ይቁም» አሉ። «ሰው መትከልን ቂጫ አይከለክልም።»

ዓርብ አሥራ ሁለት ሰው በጀፎረው ላይ ቆመ። ሦስት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ አራት ማዕዘን። ከፍቅሬ በቀር እያንዳንዱ የቆመው ደጃፉ አካባቢ ነው። እኔ ሜትሬን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሳብኩ፣ የማጭደውን ሣር የሚከልለውን የሽቦ ክፈፌን እየጣልኩ፣ ሣሩን እያጨድኩ ስመዝን እነሱ ከማዕዘን ማዕዘን ይጨዋወታሉ።

«አረጋ፣ ችካል አይቀመጥም!»

«እኔ አሮጌ ችካል ነኝ፣ ምስጥ በልቶኛል።»

«ያችኛዋ ችካል ወጥ ጥዳ ነው የመጣችው፣ ሽታው እዚህ ደርሷል!»

እውነትም አንዷ ሮጣ ወጡን አውርዳ ተመለሰች። የቆመችበትን ቦታ ማንም አላሳያትም። ይህን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ባዩሽን ጠየቅኳቸው። «ጀርባዬ ከቤቴ በር ምሰሶ፣ ፊቴ ከደስታ በር፣ ቀኜ ከዝግባው» አሉኝ፤ ከዚያ ደስታን ጠርተው እዚያው አቆሟት። «ያዢው። እኔ ብታመም አንቺ ነሽ።»

ምንም ሳልነግራቸው እያንዳንዱ ከቆመበት እስከ ሁለት የበር ምሰሶ ያለውን ርቀት ለክቼ በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መሄጃዬ ነበር። አንድ ነገር ልለምን ፈልጌ ጆንያዬን እየፈታሁ መልሼ አሰርኩ፤ እትዬ ባዩሽ አይተው «አውጪው» አሉኝ። «አንድ ጊዜ እንደገና ይቁሙልኝ» አልኩ። ከአጥራቸው ላይ ሆነው ተጣሩ። ወደ ገበያ የሚሄዱት ሸክማቸውን ይዘው፣ አባባ አረጋ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡና ቆሙ። ሜትሬን ይዤ ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁ። አሥራ አንዱ ከመዳፍ ስፋት አላለፉም። አሥራ ሁለተኛው በሁለት እርምጃ ስቶ ነበር። ፍቅሬ ነው።

«የተማረው ችካል ጠፋ!» አሉ አባባ አረጋ። ምስኪን ፍቅሬ፣ እሱ የዚያ መንደር ልጅ አይደለም። ቦታውን ለደስታ ባል አስረከበ። እኔ ግን መንገዱ መሃል ቆሜ፣ ማስታወሻዬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ከደስታ።

ቀጥሎ ወደ ቡታጅራ አቀናሁ። እምድብርና ቡታጅራ በተራራ ተለያይተው ጎረቤት ናቸው፤ መኪናው ግን በሆሳዕና ዞሮ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው እስኪገጠም ከአንዲት ሴት ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እትዬ ባዩሽ የቋጠሩልኝን ቆጮ ተካፈልን። በሁለት ጣት መቁረስ ትቼ ነበር።

ሆሳዕና አድሬ እሑድ ቡታጅራ ገባሁ። ከተማዋ ከወልቂጤ ትቀዘቅዛለች፣ ባጃጅ ከሰው ይበዛል፣ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በአንድ አየር ይሰማል። ሰኞ ጠዋት መስቃን ገጠር ወጣሁ፤ ለማወዳደሪያ አንድ መንደር መርጬ ነበር። ሐጂ ሽፋ የሚባሉ በርበሬ አምራች አዛውንት ዘንድ ስደርስ ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉኝ። እንዴት እንደሚመለስ ስለተጠራጠርኩ «እንደምን አደሩ አባቴ» አልኩና ቀጠልኩ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። መንገዳችሁን ልለካ ማንን ላስፈቅድ?»

«በጆንያው ምን አለ?» አሉ።

«ችካል። አይወጣም።»

ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው። ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ሰው ሰበሰቡ፤ አስፈቅደውልኝ ራሳቸው የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆሙ። ወንበር ቢያመጡላቸው «ችካል ወንበር አይፈልግም» ብለው መለሱ። ይህን ከማን ሰሙት? ከእኔው። ምሳ ሳልበላ እንደማልሄድ ምለው አስቀሩኝ፤ ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በጆንያዬ ከችካሎቹ ጋር አንድ ከረጢት በርበሬ ነበረ። አውቶቡሱን ሙሉ አስነጠሰው።

አማካሪዬ ማስታወሻዬን ገለጡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቋሚ ምልክቶችሽ የት አሉ?»

«እዚያ ላይ ተጽፈዋል።»

«እዚህ ያለው የሰው ስም ነው።»

«አዎ» አልኩ። «ነጥብ አንድ፣ ወይዘሮ ባዩሽ። ነጥብ ሁለት፣ አቶ አረጋ።» አሥራ ሁለቱንም፣ ከዚያ የመስቃኖቹን አነበብኩ። የዓርቡንና የቅዳሜውን ልኬት ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ ቁልቁል ወሰዱ፣ ፍቅሬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ የተሰረዘበትን ምክንያት አንብበው አለፉ።

«ከክረምት በኋላ ስትሄጂ ወይዘሮ ባዩሽ ቢታመሙስ?»

ጣቴን ስማቸው ላይ አደረግኩ።

«ልጃቸው ደስታ ቦታውን ታውቀዋለች» አልኩ። «እንጨቱን ግን ምስጥ ቢበላው ልጅ የለውም።»

ብዕራቸውን አንስተው ከስሞቹ ግርጌ «ይቀጥል» ብለው ፈረሙ።

አናጺው ጋ ሄጄ አሥራ ሁለቱንም ችካል መለስኩ። «ሌሎቹን አልተጠቀምሽባቸውም?» አለኝ፣ የአምስቱን ጫፍ ጭቃ እያየ።

«በደንብ ተጠቅሜባቸዋለሁ» አልኩት።